ዶሮዬን የጀመረልኝ ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን መተማ ላይ በነበረበት ዘመን፣ ከእንግሊዝ ጋር ሊጣላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ገና የወተት ጥርሴ ያልተነቀለ ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ የሆነ ነገር እንዲህ አይታወስም የሚለኝ ሰው ካለ፣ እሱ አባቱ ታስሮ አላየም ማለት ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ናት። ሰሞኑን ከትምህርት ቤቷ የሥዕል መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሥዕሉ በግማሽ ተጀምሮ ይተዋል፤ የቀረውን ልጆቹ ይሞሉታል፣ የመጣላቸውንም ቃል ይጽፉበታል። አስተማሪዋ አዲስ ነገር መሆኑን ለወላጆች ስታስረዳ ዋለች። እንዲህ ያለ መጽሐፍ እኔም ነበረኝ፤ አባቴን ሊያስገድለው ምንም አልቀረውም ነበር።

እናቴን ወባ ከወሰዳት በኋላ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ጭልጋ ተምሮ፣ ቁም ጽሕፈትም ለምዶ፣ በኋላ ኑሮ ወደ ቆላ ያወረደው ሰው ነው። ሐጅ ኢድሪስ በሚባሉ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ይመዝናል፣ በየጆንያው ላይም በቀለም ምልክት ያደርጋል። እኔን የሚተውበት ሰው ስላልነበረው ይዞኝ ይሄድና መጋዘኑ ደጃፍ ባለችው ራኩባ፣ በሣር ዳሷ ጥላ ሥር ያስቀምጠኛል።

ልጅ ደግሞ ተቀመጪ ስለተባለች አትቀመጥም። እየተነሣሁ ግመል እግር ሥር ስገባ አባቴ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ቢቸግረው አንድ ቀን ስኳር የሚጠቀለልበትን ሰማያዊ ወረቀት ከሐጅ ለመነና አጣጥፎ በጆንያ ክር ሰፍቶ መጽሐፍ አደረገልኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ይጀምርልኛል፤ በር የሌለው ቤት፣ እግር የሌለው ግመል። «የቀረውን አንቺ ሙዪው፤ ምን እንደሚሉም ጻፊላቸው» ይለኝና ወደ ሚዛኑ ይሄዳል። ማታ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ለግመሉ አምስት እግር ሰጥቼው ያገኘው ጊዜ እንኳ አልተቆጣም። «ይኼስ ሱዳን ድረስ ሳይደክመው ይደርሳል» ብሎ ሳቀ።

ፊደልን የለየሁት በዚህ ነው። ያኔ ልጅ ማንበብ ይማራል እንጂ አይጽፍም ነበር። ዳዊት የደገመ ሰው እንኳ ብዕር ይዞ የማያውቅ ሞልቷል። ጎረቤቶቻችን «ልጅቱን ደብተራ ሊያደርጋት ነው» እያሉ በአባቴ ይስቁበት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ዶሮ ጀመረልኝ። «ጫጩቶቿ ጠፍተውባታል፤ እስቲ ፈልጊላት» አለኝ። እኔም ከራኩባዋ ሆኜ የሚታየኝን ሁሉ ሣልኩ። ትልቅ ቤት የማውቀው ኮረብታው ላይ ያለውን የጣሊያን ምሽግ ስለሆነ ዶሮዋን እዚያ አስገባኋት፤ ባንዲራውንም ዘበኛውንም አልረሳሁም። ጫጩቶቹን ከኾሩ፣ ከእኛና ከእንግሊዝ መካከል ካለው ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር አስቀመጥኳቸው። ከዛፉ እስከ ምሽጉ መንገድ አሰመርኩ፤ ዶሮዋ እንድትጠራቸው ደግሞ በመንገዱ ዳር «ኑ ኑ ኑ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ማታ አይቶት ጎበዝ አለኝ።

በማግስቱ አስካሪዎች፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ጠመንጃ ሊፈትሹ ቤታችን ገቡ። በረሃ ያሉት አርበኞች ከማዶ ጥይት ይገባላቸዋል እየተባለ ሁሉም የሚጠረጠርበት ጊዜ ነበር። ጠመንጃ አላገኙም፤ ከጠፍር አልጋችን፣ ከአንገረቡ ሥር መጽሐፌን አገኙ። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ፣ የደጋ ሰው ነው፣ ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ቆይቶ ዶሮዋ ላይ ቆመ።

«ይኼ የምሽጉ ካርታ ነው» አለ። «መንገዱንም አሳይተህ ኑ እያልክ ትጠራቸዋለህ!»

«የልጄ ነው» አለ አባቴ። «የሣለችውም የጻፈችውም እሷ ናት።»

አስተርጓሚው ሳቀ። «እኔ ዳዊት ደግሜ እንኳ ብዕር የጨበጥኩት ከጎረመስኩ በኋላ ነው። ይቺ እንቦቃቅላ ጻፈች ትለኛለህ?»

ዛሬ ሳስበው ሰውየው የዋሸ አይመስለኝም። የሚጽፍ ሕፃን በሕይወቱ አላየም፤ ከየት አምጥቶ ይመን?

አባቴን ይዘውት ሄዱ። እያለቀስኩ ሐጅ ዘንድ ሮጥኩ። ሐጅ ጥምጥማቸውን አጠባበቁና እጄን ይዘው ወደ ምሽጉ ወጡ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይሉኛል።

ስንደርስ አባቴ ሸሚዙን ተገፎ፣ እጁን ወደኋላ ታስሮ ተንበርክኳል። ጀርባው ተሰነጣጥቋል። ያስገረፈው የጣሊያን አዛዥ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፌን ዘርግቶ ላቡን ይጠርጋል። ወደ አባቴ ልሮጥ ስል አንዱ አስካሪ ያዘኝ።

«ኸዋጃ» አሉ ሐጅ፣ «ልጅቱ ይቻትላችሁ። ዐይናችሁ እያየ ትሣል።»

አስተርጓሚው ተረጎመ፤ አዛዡ አሰበና እሺ አለ። አስተርጓሚውም ወደ አባቴ ዞሮ «ካልሣለች ነገ ጠዋት ትረሸናለህ» አለው። ይህንን ሰምቻለሁ። መረሸን ምን እንደሆነም አውቅ ነበር፤ መተማ ያደገ ልጅ ያውቃል።

ነጭ ወረቀትና እርሳስ ፊቴ ተቀመጠ። እርሳሱን ያዝኩ። ወረቀቱን አየሁት። ምንም አልመጣልኝም።

በባዶ ወረቀት ላይ ሥዬ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚጀምርልኝ አባቴ ነው፤ እኔ መሙላት ብቻ ነው የማውቀው። ይህን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ አስተርጓሚው «ይኸው! አላልኳችሁም?» አለ።

አባቴ ገባው። «ባዶ ላይ አታውቅም ጌታዬ! እጄን ፍቱኝና አንድ መስመር ልጀምርላት። አንዲት መስመር ብቻ!»

«አንተ ከጀመርክማ ያንተ ነው» አለው አስተርጓሚው።

ያኔ ያደረግሁትን ያደረግሁት አስቤ አይደለም። ወረቀቱን ገፍቼ አዛዡ ፊት አደረስኩትና «ጀምርልኝ» አልኩት።

ቃሉ ባይገባው ሁኔታዬ ገባው። እርሳሱን ከእጄ ተቀብሎ መጽሐፉን አየት አደረገና አንድ ነገር ሣለ። ዶሮ መሆኑ ነው። ዶሮ ይሁን ማሰሮ አይለይም፤ አፍ እንኳ የላትም። ተናደድኩ መሰለኝ፣ ፍርሃቴ ጠፋ። እርሳሱን መንጭቄ አፍ ሠራሁላት፣ እግር ሰጠኋት፣ ምሽግ አስገባኋት። ባንዲራውን ሰቀልኩ፣ ኾሩን፣ ዛፉን፣ ጫጩቶቹን ሣልኩ፣ መንገዱን አሰመርኩ። «ኑ ኑ ኑ» ብዬም ጻፍኩ። ከዚያ እሱም እዚያው ስለነበረ በሩ ላይ አዛዡን አቆምኩት፤ ትልቅ ጆሮ ሰጠሁት።

አዛዡ ጆሮውን ነካ ነካ አድርጎ ሳቀ። አስተርጓሚው ፊቱ እንደጠቆረ «እንዲህ የምትሞነጫጭር ልጅ በአገሬ አለችኝ ይላል» አለ። አባቴ እንዲፈታ ታዘዘ። አዛዡ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ መጽሐፌንም አስቀረው፤ እርሳሱን ለእኔ ሰጠኝና ራሴን ዳበሰኝ። ደስ አለኝ። አባቴ ደሙ ሳይደርቅ፣ እኔ እርሳስ በማግኘቴ ደስ አለኝ።

አባቴ በደረቱ ተኝቶ ሰነበተ። ሐጅ ጀርባውን በሰሊጥ ዘይት ያሹለት ነበር። ለእኔም ሌላ ሰማያዊ ወረቀት አመጡልኝ። አባቴ ቀና ማለት ሲጀምር ወረቀቱንና ያን እርሳስ ይዤ አንገረቡ ጫፍ ተቀመጥኩና «ጀምርልኝ» አልኩት።

ብዙ አየኝ። «እጄን አልተሻለኝም» አለኝ።

በኋላ እጁ ተሻለው፤ ጆንያውን እንደ ድሮው ይጽፍበት ነበር። ለእኔ ግን ዳግመኛ ምንም አልጀመረልኝም። ጣሊያን ሄደ፣ እኔም ትምህርት ቤት ገባሁ፣ አባቴም አርጅቶ ሞተ። መጽሐፉ ያመጣበትን ጣጣ ፈርቶ ነው ወይስ ያቺን «ጀምርልኝ» የምትል ቃል ለአዛዡ ስናገር ሰምቶ፣ አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም። ያን አዛዥ ልጠላው ስነሣ ማሰሮ የምትመስል ዶሮው ትመጣብኛለች። ይቅር ልለው ስል ደግሞ የአባቴ ጀርባ አለ። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

የልጅ ልጄ ማታ ማታ «እምዬ፣ ጀምሪልኝ» ትለኛለች፤ እጀምርላታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እንግዳ መጥቶብኝ ቆይ አልኳት። ዘወር ስል የለችም። መጽሐፏን ይዛ ጎረቤታችን ደጃፍ ደርሳ «ይጀምሩልኝ» ትላለች፤ እኚያ ደግ ሰውዬ መነጽራቸውን አድርገው እርሳሱን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘርግተዋል። በዚህ ጉልበቴ ሮጬ ደረስኩና መጽሐፉን ነጠቅኳት። ሰውየው ግራ ገብቷቸው ቀሩ።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ ቤት ስንገባ።

ቁጭ ብዬ ዶሮ ጀመርኩላት።