ሃያ ሁለት የግራ ቦት ጫማ

ቬርና ዳይክ ከአርባ ሁለት ዓመቷ አሥራ ስምንቱን የፈጀችው በብራንትሊ ከተማ፣ በትምህርት ቤት አውቶቡሶች ሥር፣ በጀርባዋ ተኝታ ነው። በካናዳዋ ሳስካችዋን የበረዶ ክረምት አውቶቡስ ካልተነሳ ትምህርት የለም፤ ስለዚህ ከተማው በሙሉ ያውቃታል። ጉልበቷ እምቢ ሲላት "ካሁን በኋላ አውቶቡሱን ትቼ የተሳፈሩትን ልጠግን" አለችና መምህርነት ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን አራተኛ ዓመቷን ይዛ ለመጨረሻው የማስተማር ልምምድ ወደዚያው ከተማ ተመልሳ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ተመደበች።

ትምህርቱ አልከበዳትም። መደመርና መቀነስን በብሎንና በዳዶ ታስተምራለች፤ ልጆቹም ይወዷታል። የከበዳት በግምገማው ቅጽ ላይ አሥራ አንደኛው መስመር ነበር፦ "ከሌሎች ጋር ተግባብቶ መሥራት"። ከፊት ለፊቱ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ "ደርሳለች"፣ አንዱ "ገና"። በዚያ መስመር ላይ ሦስት ጊዜ "ገና" ያገኘ ልምምዱን ከመጀመሪያው ይደግማል። ቬርና ሁለቱን አግኝታለች።

የመጀመሪያው በፎቶ ኮፒ ማሽኑ የተነሳ ነው። መምህራን ሁሉ የውጤት ካርድ በሚያባዙበት ሳምንት ማሽኑ ሲንጫጫ ሰማች፤ ለማንም ሳትናገር ፈታችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አሥራ አንድ መምህራን ወረቀታቸውን ታቅፈው ወለሉ ላይ የተዘረጉትን ሰማንያ ሁለት ዕቃዎች ሲያዩ ቆሙ። ስትገጥመው እንደ አዲስ ሠራ። "ገና" ግን ተመዘገበ።

"ኧረ በናትሽ፣ አንድ ሰው ብታማክሪ ምን ይልሻል?" አለቻት ሎሬታ ፕሪቹክ። ሎሬታ የክፍሉ ዋና መምህርት፣ የቬርናም መካሪ ናት፤ ሠላሳ ዓመት አስተምራለች።

"ማን ያውቀዋልና ነው የማማክረው?"

"ማወቁ ምን ያደርጋል! ‘ልፈታው ነው’ ትያለሽ፣ እኛም ቀድመን እናባዛለን።"

ሁለተኛው "ገና" የመጣው ለወላጆች በጻፈችው ማስታወሻ ነው። ኮልተን የሚባል፣ እጁ የማያርፍ የሰባት ዓመት ልጅ አለ፤ የሰው ዕቃ ያገኘ እንደሆነ ቦታ ሳያዛውር አያድርም። ቬርና ለአባቱ በጋራዥ ደንብ ጻፈች፦ "ብልሽት፦ የሰው ዕቃ ያዘዋውራል። ምክንያት፦ ሥራ ቶሎ ይጨርሳል። ጥገና፦ ሥራ ይጨመርለት። ሙከራ፦ በሚቀጥለው ሳምንት።" ሎሬታ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

"ቬርና፣ ልጅ ነው እኮ፣ ባስ አይደለም! መጀመሪያ ደግ ነገሩን፣ መሐል ላይ ችግሩን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደግ ነገር።"

ቬርና ምክር ከሰማች እስከ ጥግ ነው። በሚቀጥለው ማስታወሻ ላይ "ኮልተን ዕቃዎችን የማደራጀት ልዩ ተሰጥኦ አለው" ብላ ጀመረች፤ "የክፍሉ መሪ የመሆን ተስፋ አለው" ብላ ጨረሰች። መሐል የገባውን ችግር በጣም ስላለሰለሰችው አባትየው ጨርሶ አላየውም። በደስታ የእርሻ መሣሪያውን መጋዘን በሙሉ ለልጁ አስረከበ። በሳምንቱ ስልክ ደወለ።

"ቲቸር፣ ልጄ እንዳልሽው ድንቅ አደራጅ ነው። ግን ያቺን አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፌን የት እንዳደራጃት ጠይቂልኝ እስቲ። ትራክተሩ ተፈትቶ ተቀምጧል።"

ኮልተን ተጠየቀ። "ጥሩ ቦታ ነው ያስቀመጥኳት" አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም።

የሦስተኛው ግምገማ ቀን ደረሰ። ገምጋሚዋ ዶክተር ሃልቮርሰን ከዩኒቨርሲቲው መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው መጡ። እንደማንኛውም ሰው በመግቢያው ቦት ጫማቸውን አውልቀው በትልልቆች ምንጣፍ ላይ አቆሙት፤ የቤት ውስጥ ጫማቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አጠለቁ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሳቅ የማያበዙ ሴት ናቸው። በግምገማ ሰዓት ደንቡ ግልጽ ነው፦ መካሪዋ ካልተጠየቀች በቀር አፏን አትከፍትም። ሎሬታ የሻይ ፔርሙዟን ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ከንፈሯን እንደ ቦርሳ ዚፕ ዘጋችው።

ትምህርቱ እንደ ተቀባ ማርሽ ሄደ። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኮልተን ሥራውን ከሁሉ ቀድሞ ጨረሰና ሽንት ቤት አስፈቀደ። ዘጠኝ ደቂቃ ቆየ። ቬርና ሰዓቱን አይታለች፤ ግን የገምጋሚዋ እስክሪብቶ እላይዋ ላይ ስለነበር ዝም አለች።

የእረፍት ደወል ተደወለ። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ቅዝቃዜው ሃያ ሰባት ካልደረሰ ደግሞ ልጅ ሁሉ ውጭ መውጣት አለበት። ሃያ ሁለት ልጆች የበረዶ ሱሪያቸውን እየጎተቱ ወደ ኮሪደሩ ጎረፉ። በግድግዳው ሙሉ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ የጫማ ቤት አለ።

"ቲቸር! ይሄ የኔ አይደለም!"

"የኔ ግራ ትልቅ ሆነብኝ!"

"የኔ ደግሞ አይገባም! እግሬ አድጓል መሰለኝ!"

በብራንትሊ ያለው የጫማ ሱቅ አንድ ነው፤ የሚሸጠውም አንድ ዓይነት ጥቁር ቦት ነው። ከውስጥ የተጻፈው ስም ገና በኅዳር ጠፍቷል። ቀኙ ሁሉ በቦታው አለ፤ የግራው ግን አንድም ሳይቀር የሌላ ሰው ነው።

ቬርና እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች። ይህን ያለ ማንም እርዳታ ትፈታዋለች። አንዱን ቦት አነሳች፣ ለካች፣ መለሰች፣ ሌላ አነሳች። አራት ደቂቃ አለፈ፤ የተገኘው ሦስት ጥንድ ነው። ሁለት ልጆች ማልቀስ ጀመሩ፤ አንዱ ተስፋ ቆርጦ ሁለት የተለያየ ቦት አድርጎ እያነከሰ መዞር ያዘ። ዶክተር ሃልቮርሰን ግድግዳውን ተደግፈው ይጽፋሉ። ሎሬታ አንድ ጊዜ አሳለች። ደግማ አሳለች። በሦስተኛው ሳሏ የሳምባ ምች እንዳለባት ሰው ሆነች።

ቬርና ቀና አለች። በአሥራ ስምንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ወጥቷት የማያውቅ ቃል ከአፏ ወጣ።

"ሎሬታ፣ አግዢኝ።"

"ኡፍ! ላንቺ ሳስል ልሞት ነበር እኮ! ምን ላድርግ?"

"ልጆቹን ሁሉ በየጫማ ቤታቸው ፊት አቁሚልኝ፤ ያዛወርኳቸውንም ግራዎች ወደነበሩበት መልሺ። ኮልተን፣ ና እስቲ።"

ኮልተን መጣ፤ የራሱም ግራ የሌላ ሰው ነው። አለዚያ ይታወቅበታላ። ቬርና ዝቅ ብላ፣ አንድ መካኒክ ሌላውን እንደሚጠይቅ ጠየቀችው።

"ይሄን ነገር ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ስንት ቤት ነው የሄደው?"

ልጁ ሊክድ አፉን ከፈተ። ግን ጥያቄው ቁጣ አልነበረውም፤ ሙያውን ነው የጠየቀችው።

"ሦስት" አለ። "ሁሉም ሦስት ሦስት ቤት ወደ መስኮቱ። መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስቱ ዞረው በሩ ጋ መጡ።"

ቬርና ሳታስበው ጭንቅላቷን በአድናቆት ነቀነቀች። በአሮጌ የቤንዚን ሞተር ላይ የካንዴላ ገመድ በቅደም ተከተል ሲዛባ ልክ እንዲህ ነው፤ አንዱን ካወቅህ ሁሉንም አወቅህ።

"በል እንግዲህ አንተው ንገራቸው።"

ኮልተን ወንበር ላይ ወጣ። "ግራ ቦታችሁን አንሱ! በበሩ በኩል ሦስተኛ ለሆነው ልጅ ስጡ! በሩ ጋ ያላችሁ ሦስታችሁ፣ ወደ መስኮቱ ሩጡ!" ቦቶቹ ከእጅ ወደ እጅ ተሻገሩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሁለት ልጅ ሃያ ሁለት ትክክለኛ ግራ አጠለቀ። ኮልተን የሁሉንም ዚፕ ከዘጋ በኋላ መጨረሻ እንዲወጣ ተፈረደበት። ሊወጣ ሲል የቬርናን እጅጌ ያዘ።

"ቲቸር፣ የእንግዳዋንም... ለብቻ ነው ያደረግኩት።"

"የት?"

"በጠፉ ዕቃዎች ሳጥን ውስጥ። የጠፋ ዕቃ ቦታው እዚያ አይደል?" ብሎ በሩን ወጣ።

ዶክተር ሃልቮርሰን ቅጹን ከፍ አድርገው አዩት። አሥራ አንደኛው መስመር ባዶ ነው።

"እርዳታ ጠይቀሻል" አሉ። "ግን ዘግይተሽ። ልጆቹ የእረፍታቸውን ሲሶ አጥተዋል። መኪና ውስጥ ሆኜ እወስናለሁ፤ አሁን ሌላ ትምህርት ቤት ይጠብቀኛል።"

ወደ ምንጣፉ ሄዱ። ያለው አንድ ቦት ብቻ ነው። ምንጣፉን አነሱ፤ የለም። አግዳሚውን ጎንበስ ብለው አዩ። የጫማ ቤቶቹን ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት ፈተሹ። ሰዓታቸውን አዩ፣ እንደገና ከሃያ ሁለት ወደ አንድ ፈተሹ።

"ንገሪያቸው እንጂ!" አለች ሎሬታ በሹክሹክታ።

"እስቲ ይጠይቁን።"

"ቬርና! ውጤትሽ እኮ እጃቸው ላይ ነው!"

"አውቃለሁ" አለች ቬርና።

ዶክተሯ በአንድ ቦትና በአንድ የቤት ጫማ እያነከሱ መጸዳጃ ቤቱን አይተው ተመለሱ። በሩን ከፍተው በረዶውን አዩ፤ መኪናቸው ከማዶ ቆሟል። ደፍረው አንድ እግር አወጡ። መልሰው አስገቡ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይቅርታ... አንድ ሰው ሊረዳኝ ይችላል? የግራ ቦቴ ጠፍቶኛል።"

"እንዴታ!" አለች ቬርና፤ በሁለት እርምጃ ሳጥኑ ጋ ደረሰች። ከጓንትና ከሻርፕ ክምር ሥር ቦቱን ጎትታ ስታወጣ አብሮት ከሳጥኑ የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ወድቆ ቅጭል አለ። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ። ቬርና ቀስ ብላ ኪሷ ከተተችው።

ዶክተር ሃልቮርሰን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቦቱን አጠለቁ። ከዚያ በግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ ከዚያ ቬርናን።

"ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ?"

"አሥራ አንድ።"

"አንቺንስ?"

"አራት።"

ሴትዮዋ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ እስክሪብቷቸውን አወጡና አሥራ አንደኛው መስመር ላይ "ደርሳለች" የሚለውን ሳጥን በደንብ ጫን አድርገው ምልክት አደረጉበት። ሎሬታ ፔርሙዟን ጥላ አቀፈቻት።

ቬርና ግን የቀራት ሥራ ነበር። ስልኳን አውጥታ ለኮልተን አባት መልእክት ጻፈች፤ ሎሬታም በትከሻዋ በኩል አነበበችው፦ "ቁልፍዎ ተገኝታለች። ልጅዎ አደራጅ ብቻ አይደለም፣ መካኒክም ነው። በነገራችን ላይ ከሰው ዕቃ እጁን እንዲሰበስብ ይንገሩልኝ። እዚህ ላይ አላለሰለስኩትም።"