ግሉኮስ የተተከለላት ጽጌረዳ

የእህቴ ባል ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ ወጡ። ሰፈሩ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። እትዬ የምላት እህቴ ደግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ኧረ ይሄን ሰውዬ ምን ላድርገው?» ብቻ ነበር የምትለው።

አልፈርድባትም። ያን ሁሉ ዓመት ጋሼ ቤታቸውን የሚያውቁት ለመኝታ ነበር። አዳር ሠርተው ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። ድንገት ከጠዋት እስከ ማታ ቤት መዋል ሲጀምሩ እጃቸው ሥራ ፈታ። መጀመሪያ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ እንደ መድኃኒት መጋዘን ቶሎ የሚበላሸውን ከፊት፣ የማይበላሸውን ከኋላ አድርገው ደረደሩት። ጨው መቼም አይበላሽም፤ እትዬ ሦስት ቀን ጨው ስትፈልግ ከረመች። ቀጥለው የቤቱን ፎጣ በሙሉ በበረኪና ዘፈዘፉት። የእኔ ወይን ጠጅ ፎጣ ያን ቀን እንደገረጣ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ቂም ይዤባቸዋለሁ።

በዚህ መሀል አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ሌላ ከተማ ክሊኒክ ከፈተና «መጥተህ አግዘኝ» ብሎ ደወለ። ራት ላይ ነበርን።

«ብትሄድ ምን አለበት?» አለች እትዬ።

ጋሼ ሰሃናቸውን ይዘው ተነሡና ማጠብ ጀመሩ። ያን አንድ ሰሃን ያጠቡበት ጊዜ የእኔን ቀሚስ ለመጥቀም ይበቃል። እኔ የልብስ ስፌት ነው ሥራዬ፤ ከግቢው ጓሮ ባለችው ክፍል፣ መስኮቷ አትክልቱን በምታየዋ፣ መኪናዬን ተክዬ እኖራለሁ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚያው ሳምንት የእትዬ ልጅ ወለደች። እትዬ አራስ ልትጠብቅ ለአንድ ወር ከግማሽ ልትሄድ ሆነ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ስማኝ። አትክልቴን ላንተ ትቼ መሄዴ ነው። ስመለስ በሕይወት ካገኘሁት ለቤት የምትሆን ሰው ነህ፤ ትቀመጣለህ። ካደረቅከው ግን ክሊኒክህ ትሄዳለህ። አንቺም እንዳታግዢው!»

ይህቺ የመጨረሻዋ ለእኔ ናት። ሳቅ እያለች ነው የተናገረችው። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ እኔም ሳያቸው ሳቄ ጠፋ።

አትክልቱ ትልቅ አይደለም። አራት መደብ አለ፦ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲምና ቆስጣ። በአጥሩ ሥር ጥቂት ቁጥቋጦዎች፣ በእኔ መስኮት በኩል ደግሞ አንድ ትልቅ ቀይ ጽጌረዳ። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፤ በበርሚል ይጠራቀምና እትዬ በባልዲ ታጠጣዋለች።

ጋሼ ባልዲውን አገላብጠው አዩትና ናቁት። ከአልጋቸው ሥር ሁለት ካርቶን ጎተቱ። ጊዜያቸው አልፎ ሊጣሉ የነበሩ የግሉኮስ ቱቦዎች ናቸው፤ ሆስፒታሉ ሲሸኛቸው «አንድ ቀን ይጠቅሙኛል» ብለው የለመኗቸው። ቀኑ ደረሰ። በርሚሉን ጡብ ደርድረው ከፍ አደረጉት፤ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አውጥተው በመደቦቹ መሀል ዘረጉ፤ ጎማውን በየስንዝሩ እየበሱ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ሰኩበት። እያንዳንዷ ቱቦ ጠብታውን የምታፈጥንና የምታዘገይ ትንሽ መዘውር አላት። ጋሼ ተንበርክከው፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ሰላጣ በደቂቃ አሥር ጠብታ፣ ካሮት አሥራ አምስት፣ ቲማቲም ሃያ እያሉ አስተካከሉ።

ከዚያ ጉድ መጣ። ለየመደቡና ለጽጌረዳዋ ካርድ ጻፉ፤ በላስቲክ ሸፍነው በእንጨት ላይ ሰቀሉት። የታካሚ ስም፣ ዕድሜ፣ የቅርብ ተጠሪ፣ የጠብታ መጠን፣ የመውጫ ቀን። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋዎናቸውን ለብሰው ይወጣሉ።

«እንዴት አደርን?» ይሉታል ቆስጣውን።

ልብስ ላሰጣ ስወጣ «የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም» ብለው መለሱኝ። የራሴን ቀሚስ ይዤ! ሰላጣዎቹ ሲደርሱ ቆረጧቸውና ካርዱ ላይ «በጥሩ ጤንነት ወጥተዋል» ብለው ጻፉ። ለምሳ በላናቸው።

ግን እውነቱን ልናገር፦ ሠራ። ውሃው ሥር ሥሩን ብቻ ስለሚያገኝ መንገዱ ደረቅ ነው፣ አረሙም ቀነሰ፤ ድሮ ለሁለት ቀን የማይበቃው በርሚል ሳምንት ቆየ። ቲማቲሙ እትዬ እያለች አይተነው በማናውቀው መጠን ተንዠረገገ። ቀናሁባቸው።

የተሳሳቱት ጽጌረዳዋ ላይ ነው። ቁጥቋጦዋ ትልቅ ስለሆነች የተለየ ክብር ሊሰጧት ፈለጉ። ግንዷን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ይሄ ነው ዋናው ደም ሥር» አሉና ሦስት ቱቦ አንድ ላይ ግንዷ ሥር ሰክተው በፕላስተር አሰሩት። ፕላስተሩን ሲለጥፉ «አይዞሽ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ጋሼ የዓይናቸውን መነጽር አስተካክለው መረመሯት። «ፈሳሽ አንሷታል» አሉና ጠብታውን ጨመሩ። የበለጠ ቢጫ ሆነች። የበለጠ ጨመሩ። ቅጠሏ መርገፍ ጀመረ። ካርዱ ላይ «ሁኔታዋ አሳሳቢ ነው» ተጻፈ። ምግብ መተው ጀመሩ።

እትዬ ደወለች። «ጽጌረዳዬስ?»

«ትንሽ ድካም ድካም ብሏታል» አሉ ጋሼ። ላባቸው ይወርዳል።

ስልኩን ሲዘጉ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምላሴ መቼም አያርፍም።

«ጋሼ፣ ይቺ ጽጌረዳ ከየት እንደመጣች ያውቃሉ?»

«ተገዝታ ነዋ።»

«እርስዎ ነዎት ያመጧት። በተጋባችሁ ዓመት አንድ ጠዋት ከአዳር ሲመለሱ አንዲት ቀይ አበባ ይዘው ገቡ። ሰጧትና ቃል ሳይተነፍሱ ሄደው ተኙ። እትዬ አበባዋ እስክትረግፍ ብርጭቆ ውስጥ አቆየቻት። ከዚያ ዘንጓን መሬት ላይ ሰካችው፤ ያዘላት። ከዚያ ወዲህ ሌላ አበባ አምጥተው አያውቁም።»

ጋሼ ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበት።

«ከሆስፒታሉ ግቢ ነው የቆረጥኳት» አሉ። «ዘበኛው እንዳያየኝ ጋዎኔ ውስጥ ደብቄ። እሾኳ ደረቴን ቧጥጦኝ ነበር።» ደረታቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም?»

«መቼ ቤት ነበሩና?»

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ምላሴን ብነክስ ምን ዋጋ አለው። በጣም አዘንኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉና በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ምክር ሊጠይቁ ሄዱ።

ይዘው የመጡት የሰፈሩን ችግኝ ሻጭ ነው፤ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ፕላስተሩን ስታይ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ተንበረከከችና ግንዱ ሥር ጣቷን ሰደደች፤ ጭቃ ሆኖ ወጣ። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ደግሞ ሰደደች፤ አቧራ ነው።

«አባቴ፣ በሽተኛ አደረጓት እኮ! ተክል ደም ሥር የለውም። ውሃ የሚጠጣው በሥሩ ጫፍ ነው፤ ጫፉ ያለው ደግሞ ቅርንጫፏ የሚያበቃበት እዚህ ጋ ነው። ግንዷን እያበሰበሱ አፏን አደረቁት።»

ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገሉ ሰው እንደ ተለማማጅ እስክሪብቶ አወጡ። «በየስንት ሰዓቱ ላድርግላት?»

«በየሦስት ቀኑ። መጀመሪያ ግን ግንዷ ይድረቅ። የሞተውን ይቁረጡ። ቅጠል ስለሌላት ፀሐዩም ያቃጥላታል፣ ጥላ ይሥሩላት።»

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጋዎናቸውን አጣጥፈው ይዘው ክፍሌ መጡ። «ጥላ ስፊልኝ» አሉኝ። ብጣሽ ጨርቅ ሞልቶኛል ብላቸው፣ «ይሄ አየር ያስገባል» አሉ። መቀሴን ስሰድበት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አንጀቴን በሉት። ኪሱን ግን አልቆረጥኩትም፤ ከነኪሱ ሰፋሁት።

ከዚያ በኋላ ቱቦዎቹ ጽጌረዳዋን ከሩቅ ከበቧት፤ ቀስ ብለው ነው የሚንጠባጠቡት። ጋሼ «እንዴት አደርን?» ማለት ትተው አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ከመስኮቴ ሆኜ አንድ ነገር አየሁ፤ የክብሪት ራስ የምታክል ቀይ እምቡጥ ቅጠል። ጮህኩ። ጋሼ በአንድ እግር ጫማ ሮጠው ወጡ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሳለ «ድምፅሽን ቀንሺ፣ ታካሚ አለ» አሉኝ።

እትዬ የተመለሰችው በነጋታው ነው። እንኳን ደህና መጣሽ ሳንላት የጋሼን ሻንጣ አየችው፤ ከጠዋት ጀምሮ አዘጋጅተው በሩ ላይ አቁመውት ነበር። ሻንጣውን አልፋ ወደ አትክልቱ ገባች። ቲማቲሙን አየች፣ ካሮቱን ነቅላ ቀመሰች፣ የሰላጣውን ካርድ አንብባ አፏን ያዘች። ጽጌረዳዋ ጋ ስትደርስ ቆመች። ግማሿ ተቆርጧል፤ የቀረው ዘንጎች ናቸው፤ ከላይ የባሏ ጋዎን ተዘርግቷል።

ጋሼ ለተረኛ ነርስ በሽተኛ እንደሚያስረክቡ ቀጥ ብለው ቆሙ። «የእኔ ጥፋት ነው። ውሃውን የማይሆን ቦታ ሰጠኋት። አንድ ለጋ ቅጠል አውጥታለች፤ ከዚያ በላይ የማሳይሽ የለኝም። ቃላችን ቃል ነው፣ እሄዳለሁ።»

እትዬ ካርዱን አነሣች። ዕድሜ፦ ሠላሳ ሦስት ዓመት። የቅርብ ተጠሪ የሚለው ላይ መጀመሪያ የእሷ ስም ተጽፎ ነበር፤ ከጎኑ በሌላ ቀለም «እና ያመጣት ሰው» የሚል ተጨምሯል። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መርፌ እንደጠፋው ሰው መሬት መሬቱን አየሁ።

ከጋዎኑ ኪስ እስክሪብቶ አወጣች፤ ለካ ጋሼ እዚያው ትተውት ኖሯል። ካርዱ ላይ አንድ ቃል ጻፈችና ሰጠቻቸው። ጋሼ መነጽር ስላልያዙ ካርዱን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። እኔም በትከሻቸው በኩል ተንጠራርቼ አነበብኩ። የመውጫ ቀን፦ «የለም»።

«የጽጌረዳዋ ነው?» አሉ ጋሼ።

«ሻንጣህን አስገባ» አለች እትዬ፣ «መንገድ ዘግቷል።»