ከተረከዝ ኋላ

ዩኒቨርሲቲው የታወቀው በምሁራኑ ሳይሆን በእግሮቹ ነው። መምህራኑ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ቢያጠቁሩም እውነቱ አይለወጥም። ከአስተዳደር ሕንፃው ወደ ስፖርት አዳራሹ የሚወስደው ረጅም ኮሪደር ግራና ቀኙ በፎቶግራፍ የተሸፈነ ነው፤ ከዚህ ግቢ ወጥተው ለኦሊምፒክ የበቁ ልጆች፣ ሜዳሊያ ያጠለቁ፣ የሚያለቅሱ፣ ባንዲራ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ። አዲስ ፕሬዚዳንት በተሾመ ቁጥር የመጀመሪያ ሥራው እዚያ ቆሞ ፎቶ መነሣት ነው። አንድ ዙር ሮጦ የማያውቅ ሰው ደረቱን ነፍቶ «ድላችን» ይላል።

በእነዚያ ፎቶዎች ውስጥ የሌለው ተረከዝ ነው። ይህን ስም ያወጡለት ሯጮቹ ናቸው፤ ሥራው አሯሯጭነት ስለሆነ ከኋላው የሚከተሉት ሁሉ የሚያዩት ተረከዙን ብቻ ነው። እውነተኛ ስሙን ከቤተሰቡና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ የለም። በመዋቅሩ ላይ አሯሯጭ የሚባል የሥራ መደብ ስላልነበረ የተቀጠረው በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሲሠራ አንድ አምፖል ቀይሮ አያውቅም፤ የገዛ ቤቱ መብራት ሲጠፋ እንኳ ጎረቤት ይጠራል። ግን ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀሉት ሯጮች ውስጥ በእሱ ተረከዝ ያልተመራ ቢፈለግ አይገኝም።

አንድ ፎቶ ላይ ግን አለ፤ እሱም አለ ከተባለ ነው። የኮሪደሩ ትልቁ ፎቶ የብር ሜዳሊያ ያመጣችውን ልጅ ልምምድ ላይ ሆና ያሳያል፤ በአንዱ ጠርዝ የአንድ ወንድ ተረከዝ አቧራ አስነሥቶ ሲያልፍ ይታያል። ተረከዙ የእሱ ነው። ልጅቷ ደግሞ ሚስቱ ነበረች።

ጓደኞቿ ድመት ይሏት ነበር፤ ስትሮጥ ኮቴዋ አይሰማም። ለእሱ ግን ይሰማው ነበር። የአሯሯጭ ጆሮ ጀርባው ላይ ነው። የሚከተለውን በኮቴው መለየት፣ ሲደክም ቀነስ፣ ሲበረታ ጨመር ማድረግ አለበት። ዞሮ ማየት ግን ክልክል ነው። «አሯሯጭ ወደ ኋላ አያይም» የሚለውን ሕግ ያወጣው የግቢው የመጀመሪያ አሰልጣኝ ነው፤ አሯሯጩ ከዞረ ትከሻው ይዛባል፣ ፍጥነቱ ይሰበራል፣ የሚከተለውም «ለካ ደክሜያለሁ» ብሎ ልቡ ይወድቃል። ተረከዝ ይህን ሕግ አንድም ቀን አላፈረሰም። «ድመትን ያገባት ፊቷን ሳያይ ነው» እያሉ ሲያሾፉበት፣ «ኮቴዋን ካወቅሁ ፊቷ ምን ያደርግልኛል» ይላቸው ነበር። ውሸቱን ነው፤ ፊቷንም ይወደው ነበር።

ልጃቸው ዳዴ ማለት ስትጀምር ድመት ወደ ልምምድ ተመለሰች። ከዚያም አንድ ማለዳ ራሷን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አንተ ሂድ። ጫማዬን ልሰርና እደርስብሃለሁ» አለችው።

«ካመመሽ ተኚ እንጂ።»

«ሂድ እንጂ! እደርስብሃለሁ አልኩህ እኮ።»

ሄደ። የሩጫ መሙ ላይ ማንም አልነበረም። ሰውነቱን አሟሙቆ ሩጫውን እንደያዘ ኮቴዋን ከኋላው ሰማ፤ ደስም አለው። ሳይዞር፣ «መጣሽ? እኔማ ዛሬስ ቀረች ብዬ ነበር» አላት። አልመለሰችለትም፤ ስትሮጥ ማውራት አትወድም። እሱ ግን ስለ ልጃቸው ጥርስ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ እያወራ ፍጥነት ጨመረ፤ እሷም ጨመረች። እንደዚያ ቀን ቀልሏት ሮጣ አታውቅም። መጨረሻ ላይ ከመሙ ጠርዝ ያለው ቧንቧ ጋ ቆሞ ውሃ ሊሰጣት ዞረ። ማንም የለም። በግቢው በር በኩል ልጃቸውን የምትይዝላቸው እህቱ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየጮኸች ስትሮጥ መጣች። ድመት ራሷ ውስጥ ደም ፈሶ፣ አንዱን ጫማ አስራ ሌላውን ሳታስር፣ እዚያው አልጋው ሥር ሞታ ነበር።

ሆድ ይፍጀው ብሎ ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ግን ብቻውን በሮጠ ቁጥር ትመጣለች። ሌላ ሯጭ ከኋላው ካለ አትመጣም፤ ብቻውን ሲሆን ጠብቃ ነው። መጀመሪያ ፈራት። አስፋልት ላይ ሮጠ፣ ጆሮውን በጥጥ ደፈነ፣ አንድ ሰሞን ጭራሹን ሩጫ ተወ። በኋላ ለመዳት፤ የዘገየች ቀን ይከፋው ጀመር። ሌላ ሳያገባ ሲቀር ሰዉ «ለልጁ ብሎ ነው» አለ። ይበል። በየማለዳው የምትከተል ሚስት ያለችው ሰው በማን ላይ ማንን ያገባል?

አንድ ነገር ብቻ እንደ እሾህ ቀርቶበታል። ያን ቀን ማለዳ የመጣችው ልትሰናበተው ነው ወይስ ልትወስደው? ልትወስደው ከሆነስ አሁንም ትጠብቃለች ማለት ነው?

ልጅቷ አደገች። የእናቷ ሳንባና የአባቷ እግር ደረሳት፤ መሬቱን እየደበደበች ትሮጣለች፣ ከሩቅ ትሰማለች። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ በየቀኑ በእናቷ ፎቶ ሥር እያለፈች ክፍል ትገባለች። ተረከዝ ሁሉንም ሲያሯሩጥ እሷን ብቻ አላሯሯጣትም። «ጉልበቴን»፣ «ወገቤን»፣ «ዛሬ አይመቸኝም» እያለ ዓመታት ገፋ። የፈራው ጉልበቱን አይደለም። ከኋላው ያለው ቦታ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ልጁን እዚያ ቦታ ላይ ማቆም ፈራ።

የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ግን መሸሻ አጣ። ዩኒቨርሲቲው ለኦሊምፒክ ማጣሪያ የሚልካቸውን ሯጮች የሚመርጠው በራሱ መም ላይ፣ በራሱ አሯሯጭ ነው፤ ልማዱ ነው። ሚኒማውን፣ የተቆረጠውን ሰዓት፣ ያላሟላ አይላክም፤ ልጅቷ ዘንድሮ ካለፋት ተመርቃ ትወጣለች፣ ደጋፊም ሜዳም አይኖራትም። አሰልጣኟ ጠራችው። በወጣትነቷ ከድመት ጋር አብራ ከእሱ ኋላ የሮጠች፣ አሁን ምላሷ ከፊሽካዋ የሚብስ ሴት ናት።

«የሰው ልጅ ሁሉ ለሜዳሊያ አድርሰህ የራስህን ልታስቀር ነው?» አለችው።

የመመረጫው ቀን ሮጡ። መጀመሪያ የልጁ ኮቴ ብቻ ነበር፤ ድም፣ ድም፣ ድም። ልቡ መለስ አለ። መታጠፊያው ላይ ግን በልጁ ኮቴ መሀል ሌላ ሰማ። ቀላል፣ መሬቱን ዳበስ እያደረገ የሚሄድ። ሰው እያለ መጥታ አታውቅም ነበር። እግሩም ሳያማክረው የለመደውን አደረገ፤ የሚያውቀውን ኮቴ ሰማ፣ ለሚያውቀው ኮቴ ጨመረለት። ኮቴው ሲጨምር ጨመረ፣ አሁንም ሲጨምር አሁንም ጨመረ። እንደ አሯሯጭ ደንብ ጥቂት ዙር ሲቀር ቧንቧው ጋ ከመሙ ወጥቶ ሲያይ ልጁ ማዶ ላይ እየተንገዳገደች ነበር። አላሟላችም።

አሰልጣኟ የሰዓት መቆጣጠሪያዋን እንደጨበጠች መጣች። ሊሰደብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማንን ነው ስታሯሩጥ የነበረው?»

ወደ ማዶ፣ ወደ ልጁ አየ።

«እኔም እኮ ከኋላህ ሮጫለሁ። ይሄን አሯሯጥ አውቀዋለሁ። የእሷ፣ የድመት ነው።» ሰዓቷን ኪሷ ከትታ፣ «የአሯሯጩ ጥፋት ነው ብዬ አንድ ዕድል አስፈቅድላታለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልችልም» አለችው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጁ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ወጥ ቤት ተቀምጣ አገኛት። ኩርፊያዋ ከፊቷ ይነበባል። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ስለዚያ ማለዳ፣ ስለ ኮቴው፣ ስለ ፍርሃቱ። አበደ እንደምትለው እርግጠኛ ነበር።

«እንዴት ነው የሚለው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ኮቴዋ። ፎቶዋን አይቻለሁ። ድምፅዋን ግን በምንም አላውቀውም።»

ተረከዝ በጣቶቹ ጫፍ ጠረጴዛውን መታ፤ በቀስታ፣ አንዱ ካንዱ ሳይነጣጠል። ከዚያ በጡጫው ድም ድም አደረገና፣ «አንቺ ደግሞ ይኸውልሽ» አላት። ሳቀች፤ ስትስቅ ዕንባዋ መጣ። እሱም አለቀሰ። ያን ሁሉ ዓመት አላለቀሰም ነበር።

«አባዬ፣ የእሷን ዕድሜህን ሙሉ ሰምተሃል። አሁን የእኔን ስማ። ከባድ ነው፣ አይጠፋህም።»

«ብትቀየመኝስ?»

«እናቴ አይደለች? ለእኔ ብላ አትቀየምህም።»

የመጨረሻው ዕድል ቀን ኮቴው ከመጀመሪያው ዙር መጣ። ተረከዝ ጥርሱን ነክሶ ድም ድም የሚለውን ብቻ ያዘ። ቀላሉ ኮቴ ተጠጋው፤ አልጨመረም። ይበልጥ ተጠጋው፣ ተረከዙን የሚነካው እስኪመስለው ድረስ ተጠጋው፤ አልጨመረም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን አልሰማሽም አላት። ሞቷ እንኳ እንደዚያ አላመመውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጁን ግን ልክ እሷ በምትችለው ፍጥነት፣ ጭራሽ ሳያዛንፍ ይዟት ሄደ። ጥቂት ዙር ሲቀር፣ እንደ ደንቡ፣ ቧንቧው ጋ ከመሙ ወጣ። ልጁ እየደበደበች አለፈችው።

ቀላሉ ኮቴ እንደ ወትሮው አብሮት ይወጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልወጣም። ጆሮውን አቀና፤ ጭር አለበት። ተቀየመችኝ ብሎ ቧንቧውን ተደግፎ ቆመ።

«እንዴ!» አለች አሰልጣኟ ከማዶ። «ይህችን ልጅ ማን እያባረራት ነው?»

ልጅቷ የመጨረሻዎቹን ዙሮች እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። መስመሩን አልፋ ወደቀች፤ አሰልጣኟ ሰዓቷን ከፍ አድርጋ እንደ ልጅ ዘለለች። አሟልታለች። ተረከዝ ውሃ ይዞ ሲደርስ ልጁ ሳሩ ላይ ተዘርራ ከትንፋሿ ጋር ትታገል ነበር።

«አባዬ… ቧንቧው ጋ እወጣለሁ ብለኸኝ አልነበር? ለምን ተከተልከኝ?»

«የት ተከተልኩሽ?»

«እስከ መጨረሻው ከኋላዬ ነበርክ እኮ! ልትቀድመኝ ነው ብዬ ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ። ደግሞ እርጅና አቀለለህ እንዴ? ኮቴህ…»

ፊቱን አየችው። ጣቶቿ ራሳቸው አውቀው አጠገቧ ያለውን አግዳሚ ወንበር መምታት ጀመሩ፤ በቀስታ፣ በጫፍ በጫፋቸው፣ አንዱ ካንዱ ሳይነጣጠል። ተረከዝ ውሃውን ጥሎ ራሷን በሁለት እጁ ያዘ።

«ራስሽን ያምሻል? እውነቱን ንገሪኝ! ራስሽን ያምሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ አባዬ። ደህና ነኝ።»

ደህናም ነበረች። ያን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እየነሣት «ራስሽን ያምሻል?» ሲላት ሰነበተ፤ እሷም ስትስቅም ስትቆጣም ሰነበተች። ለማጣሪያው በሄደች ጊዜ አውቶቡሱ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት። በማግሥቱ ጠዋት ወደ መሙ ወጣ። አንድ ዙር ሮጠ። ሁለተኛ ጨመረ። የራሱ ኮቴ ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ከባድ መሆኑን እስከዚያን ቀን አላወቀም ነበር። ትደርስ እንደሆነ ብሎ ቀነሰ። አልመጣችም። ከልጇ ጋር ሄዳለች፤ ልጅቷን ትጠብቃት ይሁን ወይ ልትወስዳት ትጠብቅ ማን ያውቃል? አሁን ይህን ፍርሃት ብቻውን ሊይዘው ነው።

ቧንቧው ጋ ሲደርስ ያን ሁሉ ዘመን ያላደረገውን አደረገ፤ እየሮጠ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። መሙ ባዶ ነበር።

«ሂዱ እንጂ» አለ። «እደርስባችኋለሁ።»

ከዚያም አንዱ ጫማው ተፈትቶ ስለነበር ሊያስረው ጎንበስ አለ።