ውዳሴና ዝም ያለው ኮምፒውተር

የማንኩሳዋ ውዳሴ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ቢወስድባትም ጣቶቿ ግን ሥራ አይፈቱም ነበር። ምስር ስትለቅም ጠጠር አያመልጣትም። አድጋ ፍኖተ ሰላም ስትገባ የኮምፒውተር ጽሕፈት ተማረች። ያስተማራት የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው ምስክር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላትን ፕሮግራም በሲዲ ቀድቶ የሰጣትም እሱ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ያ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። ከፍልሰታ በኋላ የተባለው ፈተና ሳይታሰብ ተሳበና በጾሙ መካከል ዋለ። ምስክር ደግሞ ነሐሴ ሲጠባ ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ ገብቷል።

ውዳሴ ሲዲዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ቀረበች። ፈታኙ አቶ ላቀው ተቀብለው መፈተኛው ኮምፒውተር ውስጥ ከተቱት። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ቆመ።

“አዲስ ፕሮግራም ለመጫን ፈቃድ የላችሁም ይላል” አሉ። “የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ምስክር ብቻ ነው።”

ደግመው ሞከሩ፤ ደግሞ ከለከለ። ያለዚያ ድምፅ ውዳሴ ምን እንደጻፈች፣ የቱ ላይ እንደሳተች አታውቅም። አቶ ላቀው ቢያዝኑላትም እስከ ስድስት ሰዓት ካልጻፈች ሥራው ለሌላ እንደሚሆን ነገሯት።

እናቷ አቻምየለሽ በር ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ አለች። ውዳሴ ቀሚሷን ያዘቻት። ሱባኤ የገባ ሰው ከፈጣሪው በቀር ከማንም አይነጋገርም።

“ተይ እምዬ። የሰው ሱባኤ አፍርሼ የማገኘው እንጀራ አይጣፍጠኝም።”

“እሱን መች እጠራለሁ? ለንስሐ አባቱ ነው የምነግረው።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ተፈታኞቹ አንድ በአንድ ጨርሰው ወጡ። አቶ ላቀው የበሩን ቁልፍ በእጃቸው ያንቃጭሉ ጀመር። ውዳሴ ጣቶቿን ከጭኗ ላይ አላነሳችም።

በመጨረሻ የእናቷ የላስቲክ ጫማ ተሰማ። ከኋላው ሌላ እርምጃ አለ፤ ባዶ እግር። እርጥብ ጋቢ ሸተታት። አንድ ሰው ከአጠገቧ ጎንበስ አለ፤ ቁልፎች ቀጭ ቀጭ አሉ፤ ሲዲው ተሽከረከረ። ባዶው እግር ቃል ሳይወጣው በመጣበት ተመለሰ።

“አባ ምን አሉት?” አለች ውዳሴ በሹክሹክታ።

“‘ገደል የገባ በግ በሰንበትም ይወጣል። ሂድ፤ አፍህን ግን አትክፈት’ አሉት።”

ያን ጊዜ ማሽኑ በባዕድ ቅላጼው መናገር ጀመረ። አቶ ላቀው ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተው ተቀመጡና ለፈተና የተዘጋጀውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንድትጽፈው ያነቡላት ጀመር።

ጾሙ ሲፈታ ምስክር ከሱባኤ ወጣ። ውዳሴን ሲያገኛት መጀመሪያ የጠየቃት ስንት ቃል እንደሳተች ነበር። አንድ ብቻ አለችው። ሥራውን ማግኘቷን የነገረችው ከዚያ በኋላ ነው።