ምስር ለቃሚዋ ሠርኬ ለምን ዝም አለች

በጃንሆይ ዘመን እህል በረንዳ ምስር እየለቀመች የምትኖር ሠርኬ የምትባል ሴት ነበረች። ከጎጃም ገጠር ስትመጣ ጨዋታ አዋቂ ነበረች። በመጣች በሳምንቷ ግን አፏን ብትከፍት የምትለቅምለት የእህል ነጋዴ የጋሼ በሪሁን ሱቅ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ በሪሁን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀልድ ሲያገኝ ግን አይምርም። እሷ «አይደለም» ለማለት እንዳገሯ «አይዶለም» ባለች ቁጥር «አይዶለም! አይዶለም!» እያለ ይደግመዋል፤ ተሸካሚው ሁሉ ይቀበለዋል። ሠርኬም ሰፌዷን ይዛ ጥግ ተቀመጠችና ዝም አለች።

ባሏ የሞተባት ነፍሰ ጡር ሳለች ነው፤ ስለዚህ ልጇ ሙሉዬ ስትወለድ ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰበች፤ የሞኝ ሐሳብ ነው፣ ግን ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ማን ይፈርድባታል? «ልጄ የእኔን የገጠር አፍ ከምትለምድ ከተማው ያስተምራት» አለች። ስታጠባት ዝም፣ ስታለብሳት ዝም፣ አዝላት ከሰባተኛ ሰፈር ቤቷ እህል በረንዳ ስትመላለስ ዝም። ከተማው ደግሞ ሥራ አለበት፤ የሰውን ልጅ ቁጭ ብሎ አያስተምርም። ሙሉዬ ሦስት ዓመት ሞላት፣ በጣቷ ከመጠቆም በቀር አንዲት ቃል አልወጣትም። ሠርኬ ተክለ ሃይማኖት ተሳለች፣ ጠበል አጠመቀቻት። ዲዳ ወለድሁ ብላ አንጀቷ አረረ።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ራዲያ፣ ቆጮ ነጋዴዋ፣ ስታለቅስ አገኘቻት።

«ስሚ ሠርኬ፣ ይቺ ልጅ ስትጠሪያት ትዞራለች፤ ጆሮዋ ደህና ነው። ለመሆኑ አንቺ አናግረሻት ታውቂያለሽ?»

«እንደ እኔ እንዳይሳቅባት ብዬ ነው።»

«ወላሂ፣ እኔ ልጄን ጠሀን ያሳደግኩት በጉራጌኛ ነው። ዛሬ በአማርኛ ከገበያተኛው ሁሉ ጋር ሲከራከር አላየሽም? ልጅ አፉን የሚፈታው እናቱ ጉያ ነው፤ ሌላው በኋላ ይደረስበታል።»

በማግስቱ ሠርኬ ልጇን ከሰፌዱ አጠገብ አስቀመጠች፤ እናቷ አገር ቤት ታደርግ እንደነበረው ሁሉን እየነገረቻት መልቀም ጀመረች። «ይቺ ምስር ናት፣ ወዲህ! ይኸ ጠጠር ነው፣ ወዲያ!» ጋሼ በሪሁን ሲስቅ ፊቷ ጋለ፤ ግን አላቆመችም። በኅዳር ጀመረች፤ ሁዳዴ ገባ፣ የምስር ገበያ ደራ፣ እሷ ታወራለች። ሙሉዬ አፍ አፏን ታያታለች፤ አንዳንዴም ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

አንድ ረፋድ ላይ ጋሼ በሪሁን ለደንበኛ ሊያሳይ ከጆንያው ምስር ዘግኖ መዳፉን ዘረጋ። ሙሉዬ ተንጠራርታ ከመዳፉ ላይ አንድ ነገር አነሳች።

«ይኸ ምስር አይዶለም» አለች፣ ጥርት አድርጋ። «ጠጠር ነው። ወዲያ!»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ሠርኬ ይህን ያህል ዘመን የፈራችው ሳቅ ይኸው ነበር፤ አሁን ግን አልሰማችውም። ሰፌዱን ጥላ ልጇን አቀፈቻት።

«አፈር ልብላልሽ፣ ድገሚልኝ!»

«አይዶለም» አለች ሙሉዬ።

ሠርኬም ከልጇ ጋር፣ ሱቁ ሁሉ እየሰማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አይዶለም!» አለች።