በብርቱካንማ ሻሽ ከአረንጓዴዎቹ መሃል

ጦርነቱ ሳይመጣ፣ በስደት አገር ጀብራ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ፣ የዕረፍት ቀኔ ጁምዓ ብቻ ነበር። ሐበሻ የሚበዛበት ዴም ሰፈር ሄጄ ከወሎ አብራኝ ከመጣችው ጓደኛዬ ጋር በአማርኛ ካላወራሁ ሳምንቱ አይገፋልኝም። ችግሩ ኳሱም ጁምዓ ነው። በመንገዴ ላይ ያለውን ስታዲየም ማስፋት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረና መንገዱ ጠበበ። ጨዋታ ባለ ቀን ሐፍላዎቹ፣ ማለት የሕዝብ አውቶቡሶቹ፣ ደጋፊ ጭነው ወደዚያ ይነጉዳሉ፤ ዴም የሚል አይገኝም።

አንድ ጁምዓ ፀሐይ ላይ ቆሜ ቆሜ ሲሰለቸኝ አንዱን ሐፍላ ሮጬ ደረስኩበት።

"ዴም ነው?" አልኩት ረዳቱን።

"ስታዲየም! ከዚያ በእግርሽ ትደርሻለሽ። ያላ፣ ግቢ!"

ከገባሁ በኋላ ነው ያየሁት። ከሹፌሩ ጀምሮ ሁሉም አረንጓዴ ነገር አድርጓል። እኔ አሠሪዬ ለኢድ የሰጠችኝን ብርቱካንማ ሻሽ ተከናንቤያለሁ። ሲዘፍኑት የነበረው ዘፈን ቀጥ አለ።

"ጀማዓ፣ ሰላይ ገባብን!" አለ አንዱ ከኋላ። ሁሉም በሳቅ አውካኩ።

አጠገቤ የተቀመጡትን ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ፣ "ምን አጠፋሁ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ የለበስሽው የዛሬ ተጋጣሚያችንን ቀለም ነው።"

"ወላሂ አላወቅኩም! ኳስ የሚባል ነገር አላውቅም እኮ!"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ነሽ" አሉና አረንጓዴ የአንገት ልብሳቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ከሻሼ በላይ ጣል ሳደርገው ጭብጨባው ቀለጠ። ዘፈናቸውንም አስተማሩኝ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ አንዱን ቃል ስሳሳት፣ ስታዲየም እስክንደርስ ሁሉም እንደ እኔ እየተሳሳቱ ዘፈኑት።

ወርደን ሳይ የሰው ባሕር ነው። አሮጌው በር ለግንባታው ስለተዘጋ፣ ድሮ ለየብቻ ይገቡ የነበሩት የሁለቱ ቡድኖች ደጋፊዎች በቆርቆሮ አጥሮቹ መካከል ባለችው አንዲት መንገድ ይጋፋሉ። የመኖሪያ ወረቀቴ ያልተሟላ ስለነበር ሰውና ፖሊስ ሲበዛ እፈራ ነበር።

"ከኋላዬ ሁኚ" አሉኝ ሽማግሌው። ጀርባቸውን ይዤ ተከተልኩ።

መታጠፊያው ላይ አረንጓዴዎቹ ወደ ቀኝ ሄዱ። የእኔ መንገድ ግን በግራ ነው፤ በግራ በኩል ደግሞ ያለው ብርቱካንማ ብቻ። የአንገት ልብሱን ልመልስላቸው ስል፣ "ያዢው፣ ያንቺ ነው" ብለው ከሰው ጋር ጠፉ።

ሳላወልቀው ብርቱካንማዎቹ መሃል ገባሁ።

"ጠፋሽ እንዴ? የእናንተ በር በዚያ ነው!" አለኝ አንድ ጎረምሳ እየሳቀ።

አረንጓዴውን ገለጥ አድርጌ ከሥር ያለውን ሻሽ አሳየሁት።

"የእኛ ናት! መንገድ ልቀቁላት!" ብሎ ጮኸ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየሳቀ ግራና ቀኝ ተከፈለልኝ። በሠርጌም ቀን እንደዚያ በክብር አላለፍኩም።

ዴም ስደርስ ጓደኛዬ ደንግጣ፣ "ምን ሆነሽ ነው? በላብ ተጠምቀሻል!" አለችኝ። ሳቁ አላናግር አለኝ። እንደ ምንም ነገርኳትና ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ወዲያው ከስታዲየሙ በኩል ትልቅ ጩኸት ተሰማ።

"ማን አገባ?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ!" አልኳትና ብድግ ብዬ አብሬ እልል አልኩ።