የፌቲንያ ሁለት ባልዲ

በቮልጋ ዳር ባለችው በዛፕሩድካ መንደር የመሬት ነገር የሚቆረጠው በቮድካ ነበር። ሸንጎው ይሰበሰባል፣ ይጨቃጨቃል፣ በመጨረሻ ባልዲ ሙሉ ቮድካ ያቀረበ ያሸንፋል። ያቀረበውም ሰው መጀመሪያ ራሱ ካልጠጣ ውሳኔው አይጸናም። እንዲህ ያለ ሸንጎ አፈር ይብላ!

ፌቲንያ ባሏ ሰክሮ በረዶ ላይ ተኝቶ ከቀረ ወዲህ ቮድካ ቤቷ አላስገባችም፤ ሽታው ብቻ ያቅለሸልሻታል። ለእሷና ለሁለት ሴት ልጆቿ ያለቻቸው የሟቹ ቁራሽ መሬት ናት። መሬት የሚታደለው ደግሞ በወንድ ቁጥር ነው። ጎረቤቷ ሳቫቲ መሬቷን ሊወስድ አንድ ባልዲ ማዘጋጀቱን ስትሰማ፣ ያሏትን በጎች ለመጠጥ ቤቱ ሰጥታ ሁለት ባልዲ አመጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሸንጎው ዘንድ ስትደርስ የሳቫቲ ባልዲ ተገልብጧል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ከእነዚህ ሆድ የወጣው ግን ትውከት ብቻ ነበር። የልጇ ክርስትና አባት ይርሞላይ፣ መስቀል ስሞ "አልክድሽም" ያላት ሰውዬ፣ ጢሙን በእጅጌው እየጠረገ ጭልፋ ይፈልጋል።

"ዘገየሽ እኮ አንቺ!" አለ የመንደሩ ሹም። "መሬትሽማ ተዋጠ!"

"ትፉታ! ሁለት ባልዲ አምጥቻለሁ።"

ሸንጎው በሳቅ ተናጋ።

"ከወንድም ወንድ!" አለ ይርሞላይ።

"ኧረ ጌቶቼ፣ የኔን ጠጥታችሁ?" ሳቫቲ ጮኸ።

"ያንተንማ ጠጣነው፣ አለቀ" አለው ሹሙ። "ያለቀ መጠጥ ምስክር ይሆናል እንዴ? በይ ፌቲንያ፣ ቅመሺ!"

ይርሞላይ ጭልፋውን ሞልቶ ሰጣት። ጠርዙ ላይ የሰው ምራቅና የዓሣ ፍርፋሪ ተጣብቋል። ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችው። የባሏ አፍ ሽታ ነበር፤ ያው ራሱ። የሸንጎው ሽማግሌዎች የውሳኔው ወረቀት ላይ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት አደረጉ፤ መሬቱም የእሷ ሆነ።

ወረቀቱን ጉያዋ ውስጥ ከታ እየሮጠች ቤቷ ገባች። ትንሿ ልጇ ኡልካ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"መሬቱ የኛ ነው፣ የኔ እናት! ማንም አይነካንም!" አለቻት ፌቲንያ።

ልጅቷ የእናቷን ትንፋሽ ስታሸት እጇን ፈታች። ወደ ኋላ ወደ ኋላ ብላ ከምድጃው ጀርባ ገባች። ድሮ አባቷ ሲመጣ የምትደበቀው እዚያ ነበር።